ቋጠሮው እንደታሰረ ነበር

የደሴ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚለው ጨርሶ አንብቦ ቅር ይበለው።

ባለፈው ነሐሴ እኛ ሰፈር አንዲት ላም ታረደች። ለበዓል አይደለም፣ ለሰርግም አይደለም። ዳለቻ ትባላለች። ባለቤቷ ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። የሚኖሩት በእሷ ወተት ነበር። እኔም ደንበኛቸው ነኝ። ጠዋት ጠዋት ባዶ ሃይላንድ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሞልተው ይሰጡኛል። "አፍልታችሁ ለልጆቹ" ይሉኛል፣ በየቀኑ፣ እንደ አዲስ።

ከሐምሌ ጀምሮ ወተቱ ቀነሰ። ዳለቻ ማመስኳት ተወች። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ የጀርባዋ አጥንት ግን ይቆጠር ነበር። እማማ ዘይት አጠጧት። ዱዓ አስደረጉላት። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ጎኗን በጡጫው ጫን አደረገው። እንደ ሊጥ ገባ፣ ቶሎም አልተመለሰም። ሐኪሙ ዝም ብሎ ቆየና "ሆዷ ሙሉ ነው፣ እሷ ግን በረሃብ እየሞተች ነው" አለ። ቀደም ብሎ ቢሆን ሆዷን ከፍቶ ማውጣት ይቻል ነበር፤ አሁን አቅም የላትም። ሳትበክት ትታረድ ተባለ።

ጨጓራዋ ሲከፈት እዚያው ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ አራጁ እጁን ሰደደና አንድ ነገር ያዘ። ሳበ፣ አልመጣም። በሁለት እጁ ሳበ። እንደተጠመዘዘ እርጥብ ልብስ ተጎልጉሎ ወጣ። ፌስታል። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ መስመር ያለው፣ እርስ በርሱ ተገምዶ አረንጓዴ ዝቃጭ ያዘለ። በመሃሉ የጆንያ ክር፣ የአንድ ሕፃን ካልሲ። ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። እህል የሚሞላበትን ማዳበሪያ ማለቴ ነው፣ ሁለት!

ከመሃል አንዱ ፌስታል አልተቀደደም። ቋጠሮው እንደታሰረ ነበር። አራጁ በቢላ ተረተረው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ የበሰበሰ የሙዝ ልጣጭ።

ላም ጣት የላትም። ቋጠሮ አትፈታም። ሙዙ ሸተታት፣ ከነፌስታሉ ዋጠችው። ፌስታል ደግሞ አይፈጭም፣ አይሟሟም፣ ወደ ታችም አይወርድም። ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ ሌላውን ይጠብቃል፣ እስኪሞላ።

እማማ "እኔ እኮ ሣር የጠገበች መስሎኝ" አሉ። ቀጥለው ዞር ዞር ብለው አዩንና "ይህን ሁሉ ማን አበላት?" አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለን ነበር።

እኔ ፌስታል ስቋጥር ሁለቴ ነው የምቋጥረው፣ ጠበቅ አድርጌ። ሚስቴ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች፣ "ውስጡ ወርቅ አለ እንዴ?" ትለኛለች። ያ ፌስታል ሁለቴ የተቋጠረ ነበር። የኔ ነው ብዬ መማል አልችልም። የኔ አይደለም ብዬም መማል አልችልም።

ይቅር ማለት ያቃተኝ ግን ይህ አይደለም። ላም መብላቷን አናውቅም ነበር እንበል። ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ወጣቶቹ ሁለቱን ማዳበሪያ አንስተው "የት እናድርገው?" አሉ። አንዱ በአገጩ ወደ ቦዩ አመለከተ። ሄዱና ገለበጡት። ማዳበሪያዎቹን ግን አራግፈው መለሷቸው፣ ማዳበሪያ ዋጋ አለዋ! አሥራ አምስት ሰው ያህል ቆመን ነበር። አንድም "ኧረ ተው" ያለ የለም። ማታ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተነሳው ጎርፍ ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው። ጠዋት ቦዩ ንጹሕ ነበር፤ "እሰይ፣ ዝናቡ አጠበልን" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ።

እኔስ? እኔ በዚያን ሰዓት እጄ ላይ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ይዤ ነበር። በፌስታል። ያውም ተደርቦ።

ወገኖቼ፣ ጎርፉ የት የወሰደው ይመስላችኋል? ቦርከና ወንዝ ከኛ ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ከሚሴ አጠገብ ጨፋ ሜዳ ላይ ይንጣለላል። በበጋ ሣር ሲጠፋ የአፋሩም የኦሮሞውም አርብቶ አደር ከብቱን እየነዳ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ከዚያ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እኛ ከዳለቻ ሆድ አውጥተን ለሌላ ላም ላክን። አድራሻዋን ስለማናውቅ ቀለለን።

አውቃለሁ፣ "ፋብሪካውንስ ለምን አትናገርም?" የሚለኝ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ፍሳሽ የታወቀ ነው፣ እሱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ይነገር። ዳለቻ ሆድ ውስጥ ግን የፋብሪካ ፍሳሽ አላየሁም። የሽንኩርት ልጣጭ ነው ያየሁት።

"መንግሥት ይከልክል" የሚልም አለ። ከልክሏል እኮ! በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስና የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። እኛ ምን አደረግን? ስሱ ፌስታል ሲቀደድብን "ደርብልኝ" ማለት ተማርን። ሰኞ ገበያ ከዚህ ቃል በላይ የሚሰማ ቃል የለም። በ2017 ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጽድቋል። ደስ ብሎኛል። ግን ያን ቀን ቦዩ አጠገብ ፖሊስ አልነበረም፣ እኛ ነበርን።

እናቴ ዘንቢል ነበራት። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ቂቤውም በኮባ ነበር የሚመጣው። እኔ ካደግሁ በኋላ ዘንቢል ይዤ መውጣት አፈርኩ፣ ወንድ ልጅ ዘንቢል ይዞ! ፌስታል ግን አላሳፈረኝም። ዛሬ ሳስበው የማላውቀው ሰው ያደረገው ነው የሚመስለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ምን እንደምል አላወቅሁም፣ ስለ ቋጠሮው ልንገራቸው ብዬ ነበር የሄድኩት። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "አብሽር ልጄ፣ የሁላችንም ቤት ፌስታል አለ" አሉ። ከፊታቸው ቡና ነበር። ስኳሩ በፌስታል ነው። አየሁት፣ እሳቸውም ማየቴን አዩ።

አሁን ዘንቢል ገዝቻለሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ቀን "ምነው፣ ድግስ አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ረስቼው ወጣሁ። አንዴ ሽንኩርት በኮት ኪሴ ይዤ ገባሁ፣ አንዴ ግን ፌስታል ተቀበልኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ባለሱቁ ራሱ አሁን እኔን ሲያይ እጁን ወደ ፌስታሉ ከመስደዱ በፊት ቆም ይላል። ይህም አንድ ነገር ነው፣ አይደል?

የዳለቻ ጥጃ አለች። ሴት ናት። እማማ በጠዋት ከፊቷ ከፊቷ እየሄዱ መንገድ ላይ ያለውን ፌስታል ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፣ በዚያ ወገባቸው። ትናንት በራቸው ላይ ስናወራ ጥጃዋ መጥታ ዘንቢሌን አሸተተችና ጆሮውን መቆርጠም ጀመረች። ደንግጬ ልስበው ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

"ተዋት" አሉ። "ሰሌን ነው።"