በ14ኛው እርምጃ ስለተቋጨው አቻ

በ14 እርምጃ አቻ ስላለቀው የቼዝ ጨዋታ የወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾቹ «ፈርተው አቻ ወጡ» ይላል፤ አልስማማም። በበርሊን መከላከያ (ጥቁር ከሚመርጣቸው የጨዋታ አጀማመሮች አንዱ) ይህ የታወቀ መንገድ ነው። በ10ኛው እርምጃ የነጭ ንግሥት ዲ4፣ የጥቁር ዲ6 በሚባሉት የሰሌዳው ካሬዎች ላይ ይቆማሉ። ነጭ በንግሥቱ ከኢ4 ቼክ ይላል (ንጉሡን ያጠቃል)፣ ጥቁር በንግሥቱ ኢ6 ላይ ይጋርዳል፣ ሁለቱም ይመለሳሉ። ያው አቀማመጥ ከ10ኛው፣ ከ12ኛውና ከ14ኛው እርምጃ በኋላ ይታያል፤ ሦስት ጊዜ ሞላ፣ ስለዚህ አቻ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው።

እዚህ ጎንደር ለውድድር የምትዘጋጁ ልጆች፣ የአቻ አጠያየቁን እባካችሁ ልብ በሉ። ጥቁር 14ኛውን እርምጃ በእርምጃ መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፣ ንግሥቱን ግን አይነካም፤ ሰዓት አቁሞ ዳኛ ይጠራል። ከነካ በዚያ ተራ የመጠየቅ መብቱ ያልፋል። ቆጠራው ከተሳሳተ ደግሞ ለተጋጣሚው 2 ደቂቃ ይጨመርለታል።

ማሸነፍ የፈለገ ነጭ በ4ኛው እርምጃ ካስል ከማድረግ (ንጉሡንና ሮኩን በአንድ እርምጃ ከማንቀሳቀስ) ይልቅ ወታደሩን ዲ3 ይግፋ፤ ኢ4 ላይ ያለው ወታደር ስለሚጠበቅ የጥቁር ፈረስ በነፃ አይበላውም።