ለማጠናከር ያህል

«አመሰግናለሁ ሰብሳቢ። እኔ እንኳ ልናገር ያሰብኩትን ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች በሚገባ አንሥተውታል። ለማጠናከር ያህል ግን…»

ይህችን መግቢያ የፈለሰፈ ሰው እስከ ዛሬ ሐውልት ሳይቆምለት መቅረቱ ያሳዝናል። እስቲ ሥራዋን ተመልከቱ። ተናጋሪው አዲስ ነገር ይዞ እንዳልመጣ አስቀድማ ታረጋግጣለች፤ ማንም አይደነግጥም። የቀደመውን ታመሰግናለች፤ ቂም የሚይዝ አይኖርም። «ግን» ትላለች፤ ሰውዬው ሐሳብ ያለው ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠናከር ነው። ሲሚንቶ እንዲህ በነፃ ቢገኝ ኖሮ ስንቱ ጅምር ቤት ባለቀ!

አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ሲሉ ሁለተኛው ሰው በራሱ ዓይን ማየት ይኖርበት እንደሆነ ሳይነግሩን አልፈዋል። ክፍተቱን የሞላነው እኛ ነን። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠናክራል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን፤ አርባኛው ላይ ሲደረስ በአንድ ጭንቅላት የታሰበ፣ በአርባ አፍ የተነገረ፣ በማኅተም የታሰረ ውሳኔ በእጃችሁ ነው። እንዲህ ያለውን ማን ይነቀንቀዋል?

የጥበቡ ምንጭ ሰብሳቢው ናቸው። አጀንዳውን ሲያስተዋውቁ ውሳኔውንም አብረው ያስተዋውቃሉ። «እኔ በግሌ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያም ሆኖ ቤቱ በነፃነት ይወያይበት» ይላሉ። ቤቱም በነፃነት ይወያይበታል። ርኅራኄያቸውን ልብ በሉልኝ፤ አርባ ሰው በእሑድ ጠዋት አእምሮውን ከሚያደክም አንዱ አስቦ ሠላሳ ዘጠኙ ቢያርፍ ምን አለበት? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አሻሽለነዋል። ሸክሙን ለአንድ ሰው ትተን ጌጡን ለሃምሳ እንካፈላለን።

ድምፅ አሰጣጡ ደግሞ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ሥነ ጥበብ ነው። «የሚደግፍ?» ሲሉ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ግድግዳ ድረስ ፊት ለፊት እያዩ ይቆጥራሉ። እጁን ያዘገየ ካለ እሱ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ይቆያሉ። ቀጥሎ ዓይናቸውን ወደ ወረቀታቸው መልሰው በአንድ ትንፋሽ «የሚቃወም ድምፀ ተአቅቦ የለም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላሉ። በዚህ ፍጥነት መሐል እጁን ማውጣት የሚችል ሰው ቢገኝ ለኦሊምፒክ ቡድናችን ቢላክ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቀን ቢኖር እንኳ የምሳ ሰዓት አለ። በድሮው አውጫጭኝ ንብረት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ እንዳይበተን ይደረግ ነበር፤ እርሻው ቢጠራውም፣ ከብቱ ቢጠማውም። ዛሬ ሜዳው አዳራሽ ሆኗል እንጂ ብልሃቱ ያው ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲያከራክር የዋለ ጉዳይ ከስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የወጥ ሽታ ከታች ሲመጣ፣ በድንገት «የጋራ መግባባት ላይ ይደረስበታል»።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ስሙን ተዉት፣ ላይኛው ፎቅ ውኃ ካየ ሰንብቷል። የፓምፕ ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ። ልጁ ታች ወርዶ ታንከሩን ከፈተ፣ ሽቦ ነካካ፣ ጆሮውን ፓምፑ ላይ ለጠፈ፣ ተመለሰ። «ፓምፑ ደህና ነው» አለ። «ታንከሩ ውስጥ ያለው ፍሎተር ነው የተበላሸው። ውኃ እያለ የለም እያለ ፓምፑን ያቆመዋል። ዕቃውን ልግዛና ዛሬውኑ ልቀይረው።»

ባለሙያ እንዲህ ነው፤ ችኩል። ሰብሳቢው ጋሼ ግን «ፓምፑ ተቃጥሏል» ብለው አጀንዳ ካስያዙ ሁለት ቀን አልፏቸዋል። እናም ልጁ ካቻቢቴውን እንደያዘ በሩ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ስብሰባው ተከፈተ። የብሎክ ሦስት ተወካይ ለማጠናከር ያህል ተነሥተው ከትናንት ወዲያ ማታ የሚቃጠል ነገር እንደሸተታቸው መሰከሩ። (በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ሽንኩርት እየተቁላላ ነበር፤ ግን ማን ከአጀንዳ ይወጣል?) አንድ ጡረተኛ አባት እሳቸው ይሠሩበት በነበረው መሥሪያ ቤት የነበረ ፓምፕ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ያኔ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ የማን ዘመድ እንደነበሩ ጭምር በሰፊው አብራሩ። አንዲት ወጣት ከኋላ ብድግ ብላ «ይቅርታ፣ ባለሙያው ያለውን እንስማው?» ብትል ጋሼ በፈገግታ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ተከራይ አይደለሽ እንዴ?» አሏት። ተቀመጠች። አዲስ ፓምፕ ይገዛ የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ። አንድ ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቧል፤ እሳቸውም እንቅልፍ ወስዷቸው ነው።

ጠጋኙ የትራንስፖርቱን ተቀብሎ ሄደ። ከየቤቱ ተዋጥቶ አዲሱ ፓምፕ ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ተመረቀ። አልተነሣም። ፍሎተሩ ውኃ የለም እያለው እንዴት ይነሣ? ተግባቢ ፓምፕ ነው፤ እሱም ከእሱ በፊት የተናገረውን ይደግፋል።

ባለሙያ አይሳሳትም የሚለኝ ሰው ይኖራል። ኧረ ይሳሳታል! ችግሩ ብቻውን መሳሳቱ ነው፤ በማግስቱ ስሙ ይጠራል፣ ገንዘብ መልስ ይባላል። ኮሚቴ ሲሳሳት ግን ማን ይጠራል? «ቤቱ ነው የወሰነው።» ቤት ደግሞ ተከስሶ አያውቅም። ይህን ያህል ሰው ጥፋተኛ ሆኖ አንድም ጥፋተኛ የማይገኝበትን ዘዴ ከስብሰባ በቀር ማን አገኘው?

አሁን ማኅበራዊ ኑሮ ያልገባቸው ሰዎች ምን እንደሠሩ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ከተማ በተደረገ የከብት ትርኢት ላይ አንድ የሰባ በሬ ለውድድር ቀረበ። ታርዶና ተገፎ ሲመዘን ስንት ፓውንድ ይወጣዋል? ገማቹ ስድስት ፔንስ ከፍሎ ካርድ ይገዛል፣ ግምቱን ይጽፋል፣ ያስረክባል። ሥጋ ሻጩም ገበሬውም በሬን ከሩቅ ብቻ የሚያውቀውም ገመተ። ፍራንሲስ ጋልተን የሚባሉ ምሁር፣ ተራው ሕዝብ ያስባል ብለው እምብዛም የማይጠረጥሩ ሰው፣ በኋላ ካርዶቹን ተቀብለው ቆጠሩ። የሚነበቡት 787 ነበሩ። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የወደቀው ግምት 1,207 ፓውንድ ነው። በሬው የመዘነው 1,198። ልዩነቱ አራት ኪሎ ገደማ፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጋልተን በ1907 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ሲያወጡት ራሳቸውም ሳይገርማቸው አልቀረም። (1,207 ፓውንድ በኪሎ 547 ይመጣል። የተወካዮች ምክር ቤታችን ወንበር ቁጥርም 547 መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ እኔ የለሁበትም።)

እዩት እንግዲህ ይህን ብቸኝነት! 787 ሰው ቆሞ ካርድ ሲሞላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «በሬ እኔን ጠይቁኝ» አላሉም። ማንም ማንን አላጠናከረም። ያበዛውም ለብቻው አበዛ፣ ያሳነሰውም ለብቻው አሳነሰ፤ የአንዱ ስሕተት ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ሲጎትት ተጣፍተው እውነቱ መሐል ቀረ። እኛ ዘንድ ስሕተት እንዲህ አይበታተንም። በአንድ አቅጣጫ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ዘመድ ከዘመድ ሳይለይ ነው የሚሄደው።

ፕሊመዝ ያሉት ቅርጫ ቢያውቁ ኖሮ ይማሩ ነበር። ለበዓል ስድስት ሰው ወደ ካራ ከብት ገበያ ይወርዳል፤ አምስቱ ለማጀብ፣ አንዱ በሬ ያውቃል ተብሎ። አዋቂው ዝም ብሎ በሬውን ይዞረዋል፣ ጎድኑን በጣቶቹ ይጫናል፣ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። «ጨው አልሰውት ውኃ ነው የሞላው» ሊል አፉን ሲከፍት ትልቁ ሰውዬ ቀድመው «ሻኛውን አያችሁልኝ?» ይላሉ። አለቀ። «ኧረ ሻኛው!» «እኔም ቅድም ሻኛውን ነው ያየሁት!» ደላላው ራሱ እስከዚያች ደቂቃ ሻኛውን ልብ አላለውም፤ አሁን ዋጋ ይጨምርበታል። በበዓሉ ማለዳ ቅጠሉ ላይ መደቡ ሲደረደር አጥንቱ ብዙ፣ ሥጋው ጥቂት ነው። ሻኛውም ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ የጣት ያህል ይደርሰዋል። አዋቂው ዕጣውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ለከርሞም ይጠራል፣ ለማጀብ።

ጥበቡ የእኛ ብቻ ነው ብዬ አልኩራራም። አሜሪካኖችም ሲፈልጉ ይችሉበታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር በማግስቱ ልትተኮስ፣ የሮኬቱን አካል የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ላይ ብርድ የጎማ ማሸጊያውን ያደርቀዋል፣ ከ12 ዲግሪ በታች አትተኩሱ ብለው ተከራከሩ። የናሳ ሰዎች ፊታቸውን አጠቆሩ። የኩባንያው አለቆች ለብቻችን እንነጋገር ብለው መስመሩን ዘጉ። በመሐል አንደኛው አለቃ ለምሕንድስናው ኃላፊ የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቀህ የሥራ መሪነቱን አድርግ አሉት። ከዚያ አራቱ አለቆች ብቻ ድምፅ ሰጡ፤ አራቱም ተስማሙ። መሐንዲሶቹ እዚያው ክፍል ነበሩ፣ ማንም ድምፃቸውን አልጠየቀም። አሠራሩ ምንም አልጎደለውም፤ ስብሰባ ነበር፣ ውይይት ነበር፣ ስምምነት ነበር፣ ተፈርሞ በፋክስ ተልኳል። መንኮራኩሯ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ ሰባት ሰዎች ነበሩባት።

ለማንኛውም፣ ይህን ጥበብ የሚያሰጋው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳላስጠነቅቅ አልሄድም። ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሰው እየሰበሰበ መስመር አሳየ። ይህ መስመር ከእነዚህ ከሦስቱ ከየትኛው ጋር እኩል ነው? ሕፃን የሚመልሰው ነው። ብልሃቱ ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ቀድሞ የተነገራቸው መሆናቸው ነው፤ በየተራ፣ ፊታቸውን ሳያጥፉ፣ የተሳሳተውን ይጠራሉ። ምስኪኑ ተራው ሲደርስ ምን ይበል? ከአራት ሰው ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው እያየ ለማጠናከር ያህል ተናገሩ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ነገር ግን አሽ ከተነገራቸው መሐል አንዱን ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲያደርገው ሁሉ ነገር ተበላሸ። ምስኪኑም ቀና ብሎ ያየውን መናገር ጀመረ፤ ስሕተቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ብዙ ሰው አላስፈለገም። አንድ በቃ።

ምክር ቤታችን ይህን ያውቅ ነበር መሰለኝ። ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አንድ ብቻ ነበሩና አንዳንዱ አዋጅ «በአንድ ተቃውሞ» ጸደቀ እየተባለ ዜናው ላይ ይሻክር ነበር። ከ2007ቱ በኋላ እሳቸውም አልነበሩም፤ ዜናው ለሰለሰ።

በእናንተም ስብሰባ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አታባርሩት፤ ሰው ያወራል። በር አጠገብ አስቀምጡት፣ ነፋሱ ራሱ ያስነሣዋል። ዕድል ከጠየቀ «ዝርዝሩን ንዑስ ኮሚቴው ያየዋል» በሉት። ንዑስ ኮሚቴው ውስጥ ልግባ ካለ ግን የቀረው መድኃኒት አንድ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርጋችሁ በሙሉ ድምፅ ምረጡት። ቀኝ እጁ እስክሪብቶ ይይዛል፣ ግራው ወረቀቱን ይደግፋል። «የሚቃወም?» ሲባል የሚያወጣው እጅ የለውም፤ እንዲያውም በዚያች ሰከንድ አቀርቅሮ «ቤቱ በሙሉ ድምፅ» የሚለውን እየጻፈ ነው።