ገመዱን የመሳብ መብት

የሒሳብ ጥናት ይጨመር፣ ጓደኛ ቤት ማደር ይቀነስ። የሳይንስ ውድድር ይብዛ፣ የቅዳሜ ጠዋት ካርቱን ይቀነስ። አሜሪካዊው ባለሀብትና ፖለቲከኛ ቪቬክ ራማስዋሚ በዲሴምበር 2024 መጨረሻ በኤክስ ገጻቸው ለአገራቸው ያዘዙት መድኃኒት ይህ ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከአገር ልጅ ይልቅ ከውጭ የመጣውን መሐንዲስ የሚመርጡት በባህል ምክንያት ነው አሉ። የሒሳብ ኦሊምፒያድ አሸናፊውን ትቶ የትምህርት ቤቱን የጭፈራ ንግሥት የሚያከብር ባህል ምርጥ መሐንዲስ አያፈራም አሉ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሴፕቴምበር 2025 በአዲስ የኤች ዋን ቢ ቪዛ (ኩባንያዎች የውጭ ባለሙያ የሚያስመጡበት ፈቃድ) ማመልከቻ ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ሲጥሉ ይኸው ክርክር እንደገና ነደደ። አንዱ ወገን በሩ ይዘጋ ይላል፤ ሌላው ችግሩ የሕዝባችን ባህል ነው ይላል። የመጀመሪያው ቢያንስ የሚፈልገውን አይደብቅም። እኔን የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። ጥበብ ስለሚመስል በየአገሩ ተቀባይ ያገኛል፤ አገር በቴክኖሎጂ ወደ ኋላ ሲቀርም ጥፋቱን ከላይ ካሉት ትከሻ አንሥቶ ከታች ባሉት ላይ ይጭናል።

ካርቱኑን እንውሰድ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። የቅዳሜ ጠዋት ካርቱን በአሜሪካ ቴሌቪዥን የነገሠው ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ነበር። ኢንቴል የመጀመሪያውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ ያቀረበው በ1971 ነው፤ አፕል የተመሠረተው በ1976፣ ጉግል ደግሞ በ1998። ካርቱኑ ከዋነኞቹ ጣቢያዎች የቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራም ከጠፋም ዓመታት አልፈዋል። ካርቱን መሐንዲስ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ መድከም የነበረባት ካርቱኑ በነገሠበት ዘመን ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያማርሩት ስለ ዛሬዋ አሜሪካ ነው። ጃፓንም አለች፤ አኒሜን ለዓለም የምትሸጥ፣ ልጅም አዋቂም የሚያይባት አገር። መሐንዲሶቿን ካርቱን አልወሰደባትም።

ራማስዋሚ «ባህል» ብለው የጠሩት ነገር ሌላ ስም አለው፤ መደብ ይባላል። አባታቸው መሐንዲስና የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጠበቃ፣ እናታቸው የአረጋውያን የአእምሮ ሐኪም ናቸው። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ፈጠራ ምን እንደሆነ፣ መሐንዲስ ቀኑን ምን ሲሠራ እንደሚውል፣ የትኛው በር በማን በኩል እንደሚከፈት ማንም ሳያስተምረው ሲሰማ ያድጋል። ይህ ውርስ ነው። ውርስን የግል ትጋት አስመስሎ አቅርቦ፣ ያልወረሰውን ደግሞ «ቴሌቪዥን ስላበዛህ ነው» ማለት ግፍ ነው። ከሩቅ ተጉዘው ሲሊከን ቫሊ የሚገቡት መሐንዲሶችም ቢሆኑ የወጡበትን ሕዝብ አማካይ አያሳዩም። በፈተና ላይ ፈተና፣ በወንፊት ላይ ወንፊት ያለፉ ሰዎች ናቸው። የተመረጡትን ካልተመረጠ ሕዝብ ጋር አቁሞ «የእነዚያ ባህል በለጠ» ብሎ መፍረድ የተዛባ ሚዛን ነው።

ቁጥር ለሚፈልግ ቁጥር አለ። ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ ፈጣሪዎችን የፓተንት መዝገብ ከግብር መዝገብ ጋር አገናኝተው አጥንተዋል። በገቢ ከላይኛው አንድ ከመቶ ውስጥ ካለ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ፣ ገቢው ከመካከለኛው በታች ከሆነ ቤተሰብ ከተወለደው ልጅ ይልቅ ፈጣሪ የመሆን ዕድሉ አሥር እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የችሎታ ነው እንዳይባል፣ በሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤቱ ከጫፍ ላይ የተቀመጠ የድሃ ልጅ እንኳን እኩል ውጤት ካለው የሀብታም ልጅ በእጅጉ ወደ ኋላ ይቀራል። ፈጣሪዎች በሚኖሩበት አካባቢ ያደገ ልጅ ደግሞ ራሱ ፈጣሪ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ልብ በሉ፤ ያ የድሃ ልጅ ሒሳቡን አጥንቷል፣ ፈተናውንም አልፏል። «የሒሳብ ጥናት ጨምር» የሚለው ምክር ለእሱ ምን ይፈይድለታል? ቢል ጌትስ በ1968 የኮምፒውተር ተርሚናል ሲነካ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። መሣሪያውን ያስገባው የሲያትሉ የግል ትምህርት ቤት የእናቶች ማኅበር ነው፤ ያገለገሉ ዕቃዎች ሸጦ ባገኘው ገንዘብ። በዚያው ዓመት ኮምፒውተርን በዓይናቸው ሳያዩ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎች በየአገሩ ሞልተው ነበር።

የባህል ትንተና ሌላም ነውር አለው፤ ሁልጊዜ የሚደርሰው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ማክስ ቬበር ካፒታሊዝም በቻይና ያልበቀለው በጥንታዊው ፈላስፋዋ በኮንፊሺየስ ትምህርት ምክንያት ነው ብሎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጻፈ። በ1980ዎቹ ምሥራቅ እስያ ስትመነደግ ያው የኮንፊሺየስ ትምህርት የዕድገቷ ምሥጢር ሆኖ ቀረበ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመንን የጎበኙ እንግሊዛውያን ሕዝቡን ዘገምተኛና ደነዝ ይሉት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ጃፓንን ያዩ ምዕራባውያን ደግሞ ሰነፍ፣ የጊዜ ዋጋ የማይገባው ሕዝብ ብለው መሰከሩ። ሕዝቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው። ማን ለወጠው ብሎ መጠየቅ ግን ባለሥልጣንንም ባለሀብትንም ስለሚያስቀይም፣ ስለ ሕዝብ ጠባይ ማውራት ይቀላል።

የምለውን በአንድ ቦታ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አለ፤ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት። ጀነራል ሞተርስ በዚያ የነበረውን የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ በ1982 ዘጋው። ሠራተኞቹ በኩባንያው ውስጥ የክፉዎች ክፉ ተብለው የሚታወቁ ነበሩ። ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ቀርቶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነበር። በሥራ ሰዓት መጠጣት የተለመደ ሲሆን፣ በንዴት መኪናውን ሆን ብሎ የሚያበላሽም ነበር። የባህል ሊቃውንት ያኔ ቢጠየቁ ፍርዳቸው ይታወቃል፤ ይህ ሕዝብ የሥራ ባህል የለውም፣ አይታረምም ይሉ ነበር።

በ1984 ፋብሪካው ኑሚ የሚል ስም ይዞ፣ የጀነራል ሞተርስና የቶዮታ ሽርክና ሆኖ ዳግም ተከፈተ። ሥራውን የሚመራው ቶዮታ ነበር። ማንን ቀጠረ? እነዚያኑ ሰዎች። ከተቀጣሪዎቹ 85 ከመቶ ያህሉ የድሮው ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው ነበር። ቋንቋቸው፣ ሰፈራቸው፣ አስተዳደጋቸው፣ በልጅነታቸው ያዩት ካርቱን ጭምር እንደነበረ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚገጣጥሙት መኪና በጥራቱ ጃፓን ከሚገኘው የቶዮታ ፋብሪካ ጋር ተቀራረበ። ከሥራ የሚቀረውም ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ ሆነ።

በድሮው ፋብሪካ ከሕግ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ሕግ ነበር፤ መስመሩ አይቆምም። ሠራተኛው የተሳሳተ ዕቃ ሲገጠም በዓይኑ እያየ ያሳልፋል፤ መናገር መከራ መጥራት ነውና። በአዲሱ ፋብሪካ ግን ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ጃፓኖቹ አንዶን ከሚሉት የማስጠንቀቂያ መብራት ጋር የተያያዘ። ስህተት ያየ ሁሉ ይስበዋል። የቡድኑ መሪ ፈጥኖ ይመጣል፤ የሚመጣውም ለመቆጣት ሳይሆን ለማገዝ ነው። ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ለአለቆች ብቻ የተከለለው የመኪና ማቆሚያ ቀረ። የተለየው የመመገቢያ አዳራሽም ቀረ።

ገመዱ ርካሽ ነገር ነው። የሚያስከፍለው የአለቃውን ኩራት ነው። ገመዱን የዘረጋ ኩባንያ ከሁሉ በታች የተቀመጠው ሰው ያየው ነገር እውቀት ነው ብሎ ተቀብሏል። ቴክኖሎጂን የሚያሳድገውም የሚገድለውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽን ምሥጢሩን የሚያወጣው ለሚነካው ሰው ነው፤ ከላይ ያለው የሚደርሰው ሪፖርት ብቻ ነው። የሚያውቀው መናገር በማይችልበት፣ የሚናገረው በማያውቅበት ቤት ስህተት ይከማቻል እንጂ አይታረምም። እንዲህ ያለ አገር ሺህ የሒሳብ ኦሊምፒያድ አሸናፊ ቢያፈራ ሁሉንም ጽሕፈት ቤት ውስጥ አስቀምጦ ያደነዝዛቸዋል።

ጀነራል ሞተርስ ይህን ሁሉ በገዛ ቤቱ አየ። በዚያው ካሊፎርኒያ በቫን ናይስ ፋብሪካው አሠራሩን ሊቀዳ ሞከረ፤ ገመዱ ተዘረጋ፣ አለቆቹ ግን ልባቸው አልሰጠም፣ ሠራተኛውም አላመናቸውም። ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ፤ ኩባንያው ራሱ በ2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ይህን ያደረሰው የአሜሪካ ልጆች ጓደኛ ቤት ማደራቸው ነው?

የፋብሪካ ወሬ ነው የሚል ካለ የእንግሊዝን ታሪክ ይመልከት። የባቡር አባት የሚባለው ጆርጅ ስቲቨንሰን ማንበብ የተማረው በ18 ዓመቱ በማታ ትምህርት ነው። በ1815 ለማዕድን ቆፋሪዎች የጉድጓዱን ጋዝ የማያፈነዳ መብራት ሲሠራ፣ ያልተማረ ሰው ይህን ሊፈጥር አይችልም ብለው የታዋቂውን ኬሚስት የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ሐሳብ ሰርቋል አሉት። በ1825 የሊቨርፑልና የማንቸስተር ባቡር ዕቅድ ፓርላማ ሲቀርብ ጠበቆች በኮሚቴው ፊት መሳለቂያ አደረጉት፤ ዕቅዱም ወደቀ። ባቡሩ ግን በ1830 ተመረቀ። አገሪቱን የሠሩላት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ሀብት ያፈሩት ኢንዱስትሪያሊስቶች ልጆቻቸውን የላኩት ላቲንና ግሪክ ወደሚነበብባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር፤ ሞተር መንካት ለጨዋ ልጅ አይመጥንም ነበርና። በ1856 የ18 ዓመቱ ዊሊያም ፐርኪን ለንደን ውስጥ ሞቭ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘ። ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ የዓለምን ሰው ሠራሽ ቀለም በአብዛኛው የምታመርተው ጀርመን ነበረች፤ እንግሊዝም የቀለም እጥረት ገጠማት። የፐርኪን አስተማሪ የነበረው ጀርመናዊው ሆፍማንም በ1865 ወደ በርሊን ተመልሷል። ጀርመንም ቢሆን ንቀቱ ነበረባት። ዩኒቨርሲቲዎቿ የቴክኒክ ተቋማቱን ዝቅ አድርገው ያዩአቸው ነበር። በ1899 ግን ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ሁለተኛ የፕሮፌሰሮቹን ተቃውሞ አልፈው የፕሩሲያ ቴክኒክ ተቋማት የዶክትሬት ማዕረግ እንዲሰጡ ፈቀዱ። ዘላለማዊ የሚመስለው የባህል ግንብ በአንድ ፊርማ ተነቀነቀ።

ባህል የለም አላልኩም። አለ፤ ግን ክብርና ደመወዝ ወደሄዱበት ይሄዳል፤ ክብርና ደመወዝን የሚያድሉት ደግሞ ካርቱን የሚያዩ ሕፃናት አይደሉም።

ቦይንግ 747ን በ1969 ያበረሩት መሐንዲሶችና ሠራተኞች የዚያችው የተወቀሰች አሜሪካ ልጆች ነበሩ። ኩባንያው በ2001 ዋና መሥሪያ ቤቱን መሐንዲሶቹና ፋብሪካዎቹ ካሉበት ከሲያትል አንሥቶ ወደ ቺካጎ ወሰደ፤ ውሳኔ ሰጪው ከሠሪው ራቀ። በጁን 2018 ሲያትል አጠገብ ባለው በኩባንያው የሬንተን ፋብሪካ ኃላፊ የነበሩት ኤድ ፒርሰን ለ737 ፕሮግራም መሪ ጻፉ። ሠራተኛው ደክሟል፣ ዕቃ ይዘገያል፣ ጥራቱ ያሰጋኛል፣ መስመሩ ለጊዜው ይቁም አሉ። ገመዱን ሳቡ፤ ማንም አልመጣም። በኦክቶበር 2018 እና በማርች 2019 ሁለት 737 ማክስ አውሮፕላኖች ወድቀው 346 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ጥፋቱን በዋናነት ያገኙት ኤምካስ በተባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ላይ ስለሆነ፣ የምርት መስመሩ ስጋት ሌላ ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከታች የሚመጣ ድምፅ ከማይሰማበት ቤት የወጡ ናቸው። ፒርሰን በዲሴምበር 2019 በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው መሰከሩ። መስመሩ የቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ እንዳይበሩ የታገዱ፣ ገዢ ያልተረከባቸው 400 ያህል አውሮፕላኖች በየማቆሚያው ከተደረደሩ በኋላ።