ኧረ ዘፈኑን መጀመሪያ ጨርሳችሁ ስሙት!

ለስለስ ያለ ነጠላ ዜማ በወጣ ቁጥር የማየው ነገር አንገፍግፎኛል። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ነው። ከተለቀቀ 2 ደቂቃ ሳይሞላው «ያስተኛል»፣ «ድምጿ አልቋል»፣ «የድሮዋ ትሻላለች» የሚል ኮሜንት ይዥጎደጎዳል። መቼ ሰማችሁት? አዝማቹ ጋ እንኳን አልደረሳችሁም እኮ!

ስሎው ዘፈን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ድምፃዊዋ ዝቅ አድርጋ የምትጀምረው በኋላ የምትወጣበት ቦታ እንዲኖራት ነው። መጀመሪያውን ዘሎ የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ ለምን እንደጮኸች በምን ይገባዋል?

የዊትኒ ሂውስተንን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» አስቡት። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። መግቢያው ላይ ከ40 ሰከንድ በላይ ምንም መሣሪያ የለም፤ የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ከፍታ የሚመጣው 3ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ሁሉም ነገር ፀጥ ብሎ ከበሮው አንዴ ከመታ በኋላ። በአሜሪካው ቢልቦርድ ሰንጠረዥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ቢወጣ ስንቱ ሰው እዚያ ድረስ ይታገሠው ነበር? ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ ላይ አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተሰማ እንደተደመጠ ይቆጠራል። እንግዲህ አንድም መሣሪያ ሳይገባ ዘፈኑ «ተሰማ» ሊባል ነው። (በነገራችን ላይ የመለያየት ዘፈን ነው። ከዊትኒ በፊት የዘፈነችው ዶሊ ፓርተን የጻፈችው ከሥራ አጋሯ ከፖርተር ዋጎነር ስትለያይ ነው። ሰው ግን ሰርግ ላይ ይከፍተዋል። ግጥሙን የሚሰማ የለማ!)

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ የተፋጠነው ቅጂ ነው። ልብ የሚሰብር ዘፈን አፍጥነው፣ ድምጿን አቅጥነው የሕፃን አስመስለው፣ 15 ሰከንዱን ቆርጠው ቪዲዮ ይሠሩበታል። ያንን ብቻ የለመደ ጆሮ ዋናውን ሲሰማ «ምን ያንቀራፍፋታል?» ይላል። ትንፋሽ የወሰደችበት፣ ቃሉን ይዛ የቆየችበት ቦታ ሁሉ እኮ ጠፍቷል! የስሎው ዘፈን ግማሽ ነፍሱ እዚያ ነው ያለው።

አድናቂ ነን የሚሉትም አይሻሉም። ስለ ዘፈኑ ስትጠይቃቸው ቪው ይቆጥሩልሃል። እከሊትን በለጠች፣ እከሌን አስከነዳች። እሺ፣ ግጥሙስ? ዜማውስ? የቱ ጋ ነካህ? ዝም።

ደግሞ «ሰው አሁን ስሎው አይወድም» አትበሉኝ። አዴል እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዙ የሙዚቃ ሽልማት በብሪት መድረክ ላይ «ሰምዋን ላይክ ዩ»ን የዘፈነችው በአንድ ፒያኖ ብቻ ነበር። ሰው ከዳር እስከ ዳር ሰማት። እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ካልወደዳችሁት አልወደድነውም በሉ፣ መብታችሁ ነው። እኔም የማልወዳቸው ሞልተዋል። ግን አንዴ ስልኩን አስቀምጡና እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ ኑና እስኪነጋ እንከራከር።