አዳራሽ ሠርታችሁ ቴአትር ቤት አትበሉት

የጎጃም ሰዎች ሆይ፣ ቴአትር ቤት ይሠራልን በተባለ ቁጥር ስለ ወንበሩ ብዛትና ስለ ሕንፃው መስታወት ትከራከራላችሁ፤ ከመድረኩ በስተጀርባ ምን እንደሚኖር ግን ስትጠይቁ አልሰማሁም። ለእኛ የሚያሻን ሪፐርቶሪ ቴአትር ነው፤ ይህም ቋሚ ተዋንያን ያሉት፣ አራት አምስት ተውኔት አጥንቶ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እያፈራረቀ የሚያሳይ ቤት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዲኮር፣ ማለትም መድረኩ ላይ የሚተከለውን የትዕይንት ዕቃ፣ ነቅሎ የሚያኖርበት መጋዘን፣ የአናጢና የልብስ ስፌት ክፍል፣ የመድረኩን ያህል የሰፋ የልምምድ ክፍል ያሻዋል። ወጪ ይቀንሳል ብላችሁ እነዚህን ከፕላኑ ስትሰርዙ የሚተርፋችሁ የስብሰባና የሠርግ አዳራሽ ነው፤ እሱ ደግሞ አላነሰንም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የድምፁ ነገር ነው። እኛ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤቶች አገር ሰዎች ነን፤ አንድ ፊደል በመጥበቁና በመላላቱ ወርቁ ከሰሙ እንደሚለይ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። ንግግር በሚደመጥበት ቤት ማስተጋባቱ ከአንድ ሰከንድ ብዙ ከዘለቀ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ይደረባል፣ ያ መጥበቅና መላላትም ይጠፋል፤ እናንተ ግን ለጌጥ ብላችሁ ግድግዳውን እብነ በረድ፣ ወለሉን ሴራሚክ ታለብሱታላችሁ። በዚያ ላይ የሐምሌ ዝናብ አለ፤ ከቆርቆሮው ሥር ድምፅ የሚያፍን ድርብ ኮርኒስ ካልገባ ተዋናዩ ቢጮኽም አይሰማም፣ ቤቱም ክረምቱን ሙሉ ሥራ ይፈታል። ከመድረኩ 20 ሜትር ያህል የራቀ ተመልካችም የተዋናዩን ፊት በቅጡ አያይምና፣ 2000 ሰው የሚይዝ ቤት መመኘታችሁን ተዉ፤ 500 ይበቃል።

የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከእኛ ወጥቶ ተውኔቶቹ መድረክ ያገኙት አዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባው ሀገር ፍቅር ቴአትርም በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው በማኅበርነት ነው፤ ሰዎቹ ቀድመው ተሰበሰቡ፣ የዛሬው ቤት ኋላ መጣ። እኛ ግን ሪባን የሚቆረጥበትን ቀን እንጂ በማግስቱ መድረኩ ላይ የሚቆመውን ሰው አናስብም፣ ይህም ሊያሳፍረን ይገባል።

እንግዲህ የመዋጮ ደረሰኝ ከማስቆረጣችሁ በፊት የተዋንያኑን ደመወዝ በየዓመቱ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስነግሩ። ፕላኑንም አስዘርግታችሁ እዩ፤ ለተዋንያኑና ለዲኮሩ የተተወው ስፍራ ከተመልካቹ መቀመጫ ካነሰ፣ እስኪታረም ድረስ ገንዘባችሁን ያዙ።