ሐዲዱ የተዘረጋው ለማን ነበር?

ባቡር የገባበት አገር ሁሉ ያልፍለታል የሚሉ ሰዎች አሉ። እስቲ ናውሩን ይዩ።

ናውሩ ፓስፊክ መሃል ያለች 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ደሴት ናት። በመኪና ዙሪያዋን ለመዞር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እዚህ ባቡር ምን ሊሠራ? ሰው እንዳይመስላችሁ ይጭን የነበረው። ፎስፌት ነው።

ነገሩ የጀመረው ሲድኒ፣ አንድ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ነው። ከናውሩ የመጣ ድንጋይ በር ማስደገፊያ ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ የኩባንያው ሠራተኛ አልበርት ኤሊስ ጠርጥሮ ሲመረምረው ምርጥ ፎስፌት ሆኖ ተገኘ። ማለትም ማዳበሪያ፣ ማለትም ገንዘብ። እ.ኤ.አ. በ1907 ፎስፌቱ ወደ ውጭ መጫን ጀመረ፣ ጠባብ ሐዲድም ተዘረጋ። ዋናው መስመር 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ጠባብ ሐዲድ ወጪው ትንሽ ነው፣ እንደልብም ይታጠፋል። ቻይናውያንና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ሠራተኞች እንደ ጥርስ በቆሙት የኮራል ቋጥኞች መሃል ገብተው ፎስፌቱን በዶማና በአካፋ ያወጣሉ፣ ፉርጎው ሞልቶ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። በቃ፣ የባቡሩ ሥራ ይኸው ነበር።

ለባለመሬቱስ? በቶን ግማሽ ፔኒ! ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሥራውን ጠቅልለው ወሰዱትና ፎስፌቱን ለገበሬዎቻቸው ከዓለም ገበያ ባነሰ ዋጋ ያቀርቡ ጀመር። የሰው ደሴት እየናዱ የራስን ማሳ ማዳበር ይሉታል ይሄ ነው።

በ1960ዎቹ አውስትራሊያ ‹‹ደሴታችሁ እያለቀ ነው፣ ኩዊንስላንድ አጠገብ ሌላ ደሴት እንስጣችሁ›› የሚል ሐሳብ አመጣች። ናውሩዎች እንደ ሕዝብ ራሳችንን ማስተዳደር እንፈልጋለን ብለው እምቢ አሉ፤ በ1968ም ነፃ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ራሳቸው አባክነውታል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለንደን ላይ ለከሰረ ሙዚቃዊ ቲያትር ሳይቀር አውጥተዋል። ግን እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ሦስተኛ ያህሉን መሬት ከነፃነት በፊት የቆፈረው ማን ነው? ናውሩ በ1989 አውስትራሊያን ሄግ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳ የከሰሰችው በዚሁ ነው። አውስትራሊያም ፍርዱን ሳትጠብቅ፣ በ1993 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ምንም ያላጠፋ ሰው እንዲህ አይከፍልም።