ኪፈር ሰዘርላንድን ያዳነው ድካሙ ነው

«24» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ምዕራፍ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ኪፈር ሰዘርላንድ የሚጫወተው የፀረ ሽብር ሠራተኛ ጃክ ባወር ብቻውን መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ያ ቀን ለእርሱ የመከራ ቀን ነበር። አሸባሪው ስላስገደደና ፕሬዚዳንቱም ስላዘዙ አለቃውን በገዛ እጁ ተኩሶ ገድሏል። ገዳይ ቫይረስ እንዳይሰራጭ ብሎ ልጁ የምትወደውን ወጣት ባልደረባውን እጅ በመጥረቢያ ቆርጧል። አሁን ሁሉም ነገር አልቋል፤ የሚያየው ሰው የለም። ፊቱ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ድንገት ሬዲዮው ይጠራዋል። ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ፊቱን ይጠርጋል፣ በጤነኛ ሰው ድምፅ ይመልሳል።

ይህን ክፍል ያየሁት ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በተከራየነው ሲዲ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ታሪኩንም አልተከታተለችውም። ቡና እየቆላች በጎን ዐይኗ ነበር የምታየው። ሰውየው ማልቀስ ሲጀምር እጇ ቆመ። «እኔን! ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አለች። ቡናው ማረር እስኪጀምር ድረስ ዐይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

ስለ ኪፈር ሰዘርላንድ ዳግም መነሣት ሲወራ የሚጠቀሰው ሽጉጡ፣ ሩጫውና ያ ልብ የሚያንጠለጥል ሰዓት ነው። እነዚህ ተመልካች መሰብሰባቸው እውነት ነው። ሰውየውን ከወደቀበት ያነሣው ግን ያ የመኪና ውስጥ ለቅሶ የወጣበት ምንጭ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያንን ደግሞ ሃያ ዓመት የሞላው ቆንጆ ልጅ ሊያመጣው አይችልም።

ሰዘርላንድ የታላቅ ተዋናይ ልጅ ነው። አባቱ ዶናልድ ሰዘርላንድ፣ እናቱም ተዋናይዋ ሸርሊ ዳግላስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ተወልዶ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በ1983 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ፊልም ላይ ታየ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ሆሊውድ የወደደው ጉልበተኛ ወጣት ሆነ፤ ዐመፀኛውንም፣ ደም መጣጩንም፣ ካውቦዩንም ተጫወተ። በ1992 ከቶም ክሩዝና ከጃክ ኒኮልሰን ጋር በአንድ ፊልም ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ ግን የሚመጡለት ሥራዎች እየቀለሉ፣ ስሙም በፖስተር ላይ እያነሰ ሄደ። በዘጠናዎቹ ውስጥ ከትወናው ራቅ ብሎ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የከብት ማርቢያው ከረመ። ፈረስ ላይ ሆኖ የሚሮጥን ወይፈን በገመድ መጥለፍ ተማረ፤ በሮዲዮ ውድድሮች ተሳትፎም አሸነፈ። ይህን ለጌጥ አላነሣሁትም። ታዋቂ የነበረ ሰው ማንም ፊልሙን የማይጠይቀው ከብት ጠባቂዎች መሀል ገብቶ እጁ በገመድ እስኪላጥ ሲሠራ ከርሞ ሲመለስ ፊቱ ላይ የሚያድር ነገር አለ።

የ«24» የመጀመሪያ ክፍል ሲቀረጽ ዕድሜው 34 ነበር። በቁጥር ወጣት ነው፤ በሙያው ግን ከ18 ዓመት በላይ የቆየ አንጋፋ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የፊልም ሰው ወደ ቴሌቪዥን መውረዱ እንደ ሽንፈት ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ታላላቆቹ ሁሉ ተሰልፈው የሚገቡበት በር ያኔ የጡረታ በር ይመስል ነበር።

ጆኤል ሰርናውና ሮበርት ኮክራን የፈጠሩት ሐሳብ ቀላልም ከባድም ነበር፤ አንድ ምዕራፍ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል አንድ ሰዓት። የቀረጻው ሥራ ግን ወራትን ይፈጃል። ስለዚህ ተዋንያኑ ያንኑ ልብስ ለወራት ይለብሳሉ፤ የአንድ ቀን ፀጉር እንዲመስል በየጥቂት ቀኑ ይስተካከላሉ። ተዋናዩ ጥር ላይ የሚቀርጸው ድካም ነሐሴ ላይ ከቀረጸው ጥዋት በሰዓታት ብቻ የሚርቅ መሆን አለበት። ስንት ሰዓት እንዳልተኛ፣ የትኛው ጎኑ እንደቆሰለ፣ ምን ያህል እንደተስፋ ቆረጠ በልቡ መዝግቦ መያዝ አለበት። ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይህን አይጠይቅም። ሰዘርላንድ በመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ 24 ክፍል ተሰጠው፤ የሰውን ልጅ ቀስ ብሎ ሲሰበር ለማሳየት የሚበቃ ጊዜ ማለት ነው። ዝቅ ያለችው ሻካራ ድምፁም፣ ከዐይኑ ሥር ያለው ጥላም ቦታቸውን አገኙ። ሆሊውድ «ያለፈበት» ብሎ የተወው ፊት ለሥራው የሚፈለገው ፊት ሆነ።

ተከታታዩ በፎክስ ቴሌቪዥን የጀመረው ኅዳር 6 ቀን 2001 ነው፤ ከመስከረም 11 ጥቃት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። በመጀመሪያው ክፍል አውሮፕላን የሚፈነዳበት ምስል ነበረና ተቆርጦ ተስተካከለ። በጥር 2002 ሰዘርላንድ የጎልደን ግሎብን ሽልማት ወሰደ፤ ለቴሌቪዥኑ ሽልማት ለኤሚም ደጋግሞ ታጭቶ በ2006 አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ተከታታዩም ምርጥ ድራማ ተባለ። እስከ 2010 ድረስ 192 ክፍሎች፣ በ2014 ደግሞ ለንደን ላይ 12 ክፍሎች ተሠሩ።

ነገር ግን ስወደው ዐይኔን ጨፍኜ አይደለም። ጃክ ባወር ሰው ያሠቃያል፤ ሲያሠቃይም እውነቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በደቂቃ ውስጥ ይወጣለታል። ይህ ውሸት ነው፤ አደገኛ ውሸትም ነው። የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ዲን የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ፓትሪክ ፊኔጋን በ2006 ከአዘጋጆቹ ጋር ተገናኝተው ነገሩ የወታደሮችን አስተሳሰብ እያበላሸ እንደሆነ ተናግረዋል። ልክ ነበሩ። የምርመራ ክፍል ምን እንደሆነ በየቤተሰቡ በሚታወቅበት አገር ያደግሁ ሰው ይህንን እንደ ቀላል ጨዋታ ማለፍ አልችልም። የጽሑፉን ጥፋት ተዋናዩ አላረመውም፤ ይሁን እንጂ ሌላው ቢጫወተው ድል አድርጎ የሚወጣበትን ቦታ እርሱ እንደ ተጎዳ ሰው ወጣበት። ያችን መኪና ደጋግሜ የማነሣውም ለዚህ ነው።

ይህ ነገር በእኛም ቤት ታይቷል። አንጋፋው አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ አስናቀን ሆኖ ሲመጣ፣ መድረክ ላይ አይተውት የማያውቁ ልጆች ሁሉ ስሙን ያዙት። ሚናው ከባድ ነበር፤ ያን ክብደት የሚሸከም ተዋናይም ተገኘለት። ከዚያ ወዲህ ግን ስንቱ የቴአትር ቤት ሰው በድራማዎቻችን ውስጥ ጋቢ ለብሶ ለሽምግልና ይቀመጣል፣ መርቆ ይነሣል፣ በቃ! እናቶቹም አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ለታመመ ልጅ ያለቅሳሉ። ለአዘጋጆቻችን የምለው አለኝ፦ ቀጣዩን ድራማችሁን ስትጽፉ ዋናውን ሰው ሃምሳ ዓመት የሞላው አድርጉት፤ ይሩጥ፣ ይሳሳት፣ ይዋደቅ፣ ከዚያም ሃያ አራት ክፍል ስጡት። ሁለት ደቂቃ የምርቃት ትዕይንት ሰጥቶ «አንጋፋዎቻችንን አክብረናል» ማለት ይብቃ።

እናቴ ዛሬም የተዋናዩን ስም አታውቀውም። ቴሌቪዥን ላይ በሌላ ሥራ ሲመጣ ግን ከሩቅ ትለየዋለች፤ «ያ መኪና ውስጥ ያለቀሰው ልጅ» ትለዋለች፣ እንደ ጎረቤት ልጅ።